ከኋላ ያለውን ስማ

ባለፈው ሰሞን እኛ መኝታ ቤት ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር። ከእራት በኋላ አንዱ ጓደኛችን የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» በስልኩ ሲያሰማን፣ ሌላው «ዘፋኙ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብሎ ጠየቀ። ዘፋኝ የለውም ሲባል፣ «ኧረ ዝጋው በናትህ! ጃዝ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው፤ የሆቴል ሙዚቃ፣ የፈረንጅ ነገር!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከሁሉም በላይ መሳቅ ያልነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ በዚያች ሰዓት ለመናገር ድፍረቱን ስላጣሁ፣ እነሆ ዛሬ በጽሑፍ አቀርበዋለሁ።

ያደግሁት መርካቶ፣ ጭድ ተራ፣ አጎቴ ዘንድ ነው። ጭድ ተራን የማታውቁ ካላችሁ ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። የአዲስ አበባ ቤት በእንጨትና በጭቃ በሚሠራበት ዘመን፣ ጭቃው ጭድ ካልገባበት ሲደርቅ ይሰነጠቅ ነበር። ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ጭድ ይፈልጋል። አጎቴም ዕድሜያቸውን የገፉት በዚሁ ነው። ብሎኬት ከበዛ ወዲህ ገበያው ቢቀዘቅዝም፣ እሳቸው ሥራቸውን አልተዉም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማዳበሪያውን አፍ ከፍቼ እይዝላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይሞላሉ። ጭዱ ኮሌታዬ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሲያሳክከኝ ያድራል። ትምህርት ቤት ውስጥ «ጭዱ» የሚል ቅጽል ስም የወጣልኝም በዚሁ ምክንያት ነው።

አጎቴ አልጋቸው ሥር አንድ ካርቶን ነበራቸው። ውስጡ ሸክላ ነው፤ ትልልቁም ትንንሹም። የሸክላ ማጫወቻው መርፌ እኔ ሳልወለድ ተሰብሮ ኖሮ፣ ያ ካርቶን ድምፅ ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም። ቢሆንም በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው በለስላሳ ጨርቅ ይወለውሏቸዋል። እኔ በልቤ፣ «የማይዘፍን ዘፈን መወልወል ምን ይባላል?» እል ነበር።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ውጤት ስጠብቅ፣ የክፍላችን ልጆች ለመለያያ ሽርሽር መዋጮ አሉ። እኔ እጄ ላይ ሳንቲም አልነበረም። በዚያው ሰሞን አጎቴ ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ሄደው ነበር። ጠዋት ላይ «ቆራሌዎ!» የሚለው ድምፅ በደጃፋችን አለፈ። ጠራሁት። የተሰነጠቀ ባልዲ፣ የዛገ ምጣድ ክዳን አቀረብኩለት። አልበቃ ሲለኝ ያንን ካርቶን ከአልጋው ሥር ጎተትኩት። ማጫወቻውን ጨምሬ መቶ ሃምሳ ብር ተቀበልኩ። ሽርሽሩም ሄድን። ጥሩ ነበር።

አጎቴ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ማታ ጫማቸውን አልጋ ሥር ሊያስቀምጡ ጎንበስ ሲሉ ቀሩ። ብዙ ቆዩ።

«ካርቶኑ የት ሄደ?»

«ለቆራሌው ሰጠሁት ጋሼ። አይሠራም ብዬ ነው።»

«የማንን ነው የሰጠኸው?»

«እኔ እንጃ… የድሮ ዘፈን ነው።»

አጎቴ ቁጣ አያውቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «ኃይሉ መርጊያን ሸጠሃል። ግርማ በየነን ሸጠሃል። ሞገስ ሀብቴን፣ ዮሐንስ ተኮላን፣ መላከ ገብሬን፣ ማሕሙድ አማንን፣ ተማረ ሐረጉን ሸጠሃል። ይኼ የአንዱ ሸክላ ብቻ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ስንት ተከፈለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«መቶ ሃምሳ ብር።»

«ለስንት ሰው?» አሉና መብራቱን አጠፉት።

በነጋታው ወደ ምናለሽ ተራ ሮጥኩ። መርካቶ ውስጥ የተጣለ ዕቃ ብዙውን ጊዜ መድረሻው እዚያ ነው። ቆርቆሮው፣ ጠርሙሱ፣ የተሰበረው ወንበር ሁሉ እንደገና ዕቃ የሚሆነው እዚያ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ክምሩን ሳገላብጥ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ከማሰሮ ክዳኖች መካከል አንዲት ትንሽ ሸክላ አገኘሁ። መኻሏ ላይ ያለው ወረቀት ተፍቆ የማን እንደሆነች አይነበብም። ባለቤቱ ሠላሳ ብር ካልሰጠኸኝ አለኝ። ለካ የእኔ ዕቃ ነው፤ ግን ምን ብዬ ልከራከር? ከፍዬ ወሰድኳት።

ሰፈራችን ውስጥ ቴፕና ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ማጫወቻ ስለነበረው፣ ከአጎቴ ጋር ይዘናት ሄድን። መርፌው ሲያርፍባት መጀመሪያ የተሰማው ዘይት ላይ የወደቀ ሽንኩርት የመሰለ ድምፅ ነው። ከዚያ ሳክስፎን ገባ። ጠበቅ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚናገር ሰው የሚመስል ድምፅ ነው። አጎቴ ገና ሁለተኛው ትንፋሽ ላይ «ጌታቸው ነው» አሉ።

«ስሙ ተፍቆ የለም እንዴ? በምን አወቁ ጋሼ?»

«ሰው ከደጅ ሲጠራህ በድምፁ አታውቀውም?» አሉኝ።

ያን ዕለት የሰማሁት ጌታቸው መኩሪያን ነው። ስለ እሱ በኋላ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋት ውስጥ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚቃን የጀመረው በልጅነቱ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራም ተጫውቷል። ትልቁ ሥራው ምንድን ነው ቢባል፣ በ1950ዎቹ ሽለላን ከጦረኛው አፍ ወስዶ ሳክስፎን ላይ ማዋሉ ነው። ሽለላ የጀግና ፉከራ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጌታቸው ያንን መንጎራደድ፣ ያንን ትንፋሽ መሰብሰብና መልቀቅ፣ ያለ አንድ ቃል በቱቦ ውስጥ አሳለፈው። ዛሬ የውጭ አገር አድማጮች ድምፁን ሲሰሙ በ1960 አሜሪካ ውስጥ «ፍሪ ጃዝ» የተባለውን ሸክላ ከቀረጸው ከኦርኔት ኮልማን ጋር ያነጻጽሩታል። የጌታቸው መነሻ ግን ይፋት ነው፤ ሽለላ ነው። በ2006፣ ሰባ ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዐ አንበሳ» የተባለውን አልበም ሠራ። በ2016 አረፈ።

እንግዲህ ጓደኛችን «የፈረንጅ ነገር» ሲል፣ ቢያንስ ይኼኛው የፈረንጅ አይደለም ማለት ነበረብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ ያስተምሩኝ ጀመር። ትምህርቱ የሚሰጠው ጭዱ ክምር ላይ ተቀምጠን፣ ደንበኛ ሲጠፋ ነው። ማጫወቻ ስለሌለን የጠፉትን ሸክላዎች በስልኬ እየፈለግሁ እከፍትላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት «ከኋላ ያለውን ስማ» የሚል ነበር። አንዱን ሙዚቃ አምስት ጊዜ ያሰሙኛል። መጀመሪያ ዝም ብለህ ስማ። ሁለተኛ ቤዝ ጊታሩን ብቻ ተከተል። ሦስተኛ ድራሙን። አራተኛ ኦርጋኑን። አምስተኛ ሁሉንም አንድ ላይ። እኔ መጀመሪያ ላይ ቤዙን መለየት እንኳ አቃተኝ። «እሱ የግድግዳው ጭድ ነው፤ አይታይም፤ ከሌለ ግን ግድግዳው ይሰነጠቃል» አሉኝ። የነጋዴ ምሳሌ ነው፤ ለእኔ ግን የገባኝ በዚሁ ነው።

እስቲ «ሙዚቃዊ ስልት»ን በዚህ ዘዴ ስሙት። ግርማ በየነ የደረሰው ሙዚቃ ነው። ዋልያሶች በ1977 «ቸ በለው» በተባለው አልበማቸው ውስጥ አወጡት። ቤዙ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ ይሄዳል፤ አይቸኩልም፤ አይደክምም። እላዩ ላይ ሳክስፎኑና ትረምፔቱ አንድ ላይ ይናገራሉ። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን በመካከላቸው እየገባ ክፍተቱን ይሞላል። በዚሁ አልበም ላይ ሙላቱ አስታጥቄም በእንግድነት ቫይብራፎን ተጫውቷል። ዘፋኙ መቼ ይጀምራል ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ይኼ ሁሉ መንደርደሪያ ይመስለዋል። አጎቴ ካርቶናቸው ውስጥ ያስቀመጡት እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ኖሯል።

እዚህ ላይ ያ ሸክላ የተሠራበትን ዘመን ማስታወስ ይገባል። ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ አዲስ አበባ ሰዓት እላፊ ታውጆባት ሌሊቷ ተዘግቶ ነበር። ዋልያሶች ይጫወቱ የነበረው ሒልተን ሆቴል ውስጥ ነው። አምሽቶ የገባ እንግዳ ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ መውጣት ስለማይችል፣ ሙዚቀኞቹ እስከ ንጋት የሚጫወቱበት ጊዜ ነበር። ለካ «የሆቴል ሙዚቃ» የምንለው ውጭው ስለተዘጋ ሆቴል የገባ ሙዚቃ ኖሯል።

ሸክላ ማሳተሙም ቢሆን በቀላሉ የመጣ አይደለም። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማውጣት መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1969 ግን አምሃ እሸቴ የተባለ፣ ዕድሜው ገና በሃያዎቹ ውስጥ የነበረ ወጣት፣ ያንን ክልከላ ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። በዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ጀምሮ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አወጣ። በዚያው በ1975 ከአገር ወጣ፤ በ2021 አረፈ። ካይፋ ሪከርድስም በበኩሉ በ1975 የማሕሙድ አሕመድን «ኤሬ መላ መላ» አሳተመ። «ቸ በለው»ንም ያሳተመው እሱው ነው። እኛ ዛሬ በሃያ ዓመታችን ምን እየደፈርን ነው? ይህን ራሴንም ጭምር ነው የምጠይቀው።

ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ሳልጠቅስ ባልፍ ጽሑፌ ጎደሎ ይሆናል። ሙላቱ በ1943 ጅማ ተወለደ። ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው ምህንድስና ይማራል ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ሙዚቃ አዘነበለ። ለንደን ከተማረ በኋላ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እሱ ነው። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት አልበሞች ቀረጸ። በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሠራ። ኢትዮ ጃዝ ብለን የምንጠራው ስልት የእሱ ነው።

የሥራው ምሥጢር ምንድን ነው? የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ላይ እንደተማርነው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ጃዝ ግን አሥራ ሁለቱንም ድምፆች እየደራረበ ይሠራል። ሁለቱን ዝም ብሎ መቀላቀል ሽሮ ላይ ውኃ እንደማብዛት ነው፤ ሽሮው ይቀጥንና ጣዕሙ ይጠፋል። ሙላቱ ቅኝቱን ከላይ አስቀምጦ የጃዙን ድርብርብ ድምፅ በጥንቃቄ ከሥሩ አነጠፈለት። «የከርሞ ሰው»ን ያዳመጠ ሰው ይህን በጆሮው ያረጋግጣል። በ1973 ታላቁ የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሲቀበል፣ ሙላቱ ከእንግዳው ጋር አብሮ ሠርቷል። በ2005 ደግሞ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥ የሙላቱ ሙዚቃ ገብቶ በዓለም ዙሪያ ተሰማ።

ይህን ስል ግን የአሜሪካኖቹን ጃዝ መናቄ አይደለም። አጎቴ የማያውቁትን እኔ አሰማኋቸው። ማይልስ ዴቪስ በ1959 ያወጣው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለ አልበም አለ። ሁለት ቀን ብቻ ስቱዲዮ ገብተው የቀረጹት ነው። ማይልስ ለሙዚቀኞቹ የሰጣቸው አጫጭር ንድፎችን ብቻ ነው፤ በአብዛኛው የድምፁን መሰላል አሳይቶ፣ በዚያ ላይ ከልባችሁ አፍልቁ አላቸው። አጎቴ ጆሮአቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው ሰሙና፣ «አዝማሪ አይደል እንዴ! ቅኝቱን ይይዝና ግጥሙን እዚያው ይፈጥረዋል» አሉ። እኔ ከመጽሐፍ ፈልጌ ያላገኘሁትን ማብራሪያ እሳቸው ጭድ ላይ ተቀምጠው ሰጡኝ። ወዲያው ግን «ቤዙን የሚመታው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ፈልጌ ፖል ቻምበርስ ይባላል አልኳቸው። ስሙን ሁለት ሦስት ጊዜ በአፋቸው ተለማመዱት።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። ዋልያሶች በ1981 ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው ሲቀሩ፣ እሱም ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመድ ነበር። ዓመታት አለፉ። አንድ ካሴት ሰብሳቢ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት ያንን ካሴት አገኘ። አፈላልጎም ባለቤቱ ላይ ደረሰ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ይህን ታሪክ ለአጎቴ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ይመስለኛል። ያቺ የባሕር ዳሯ ካሴት ከመደርደሪያው ወርዳ ለቆራሌው ተሰጥታ ቢሆንስ ኖሮ? እኔን የመሰለ ልጅ እዚያ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ኖሮ ቢሆንስ?

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ ልምጣ። ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት የተሰጠኝ 3ኛ ክፍል ነበር፤ 54 ተማሪዎች አሉት። የመጀመሪያውን ሳምንት ጥሩ አስተማርኩ ብዬ ነበር። እጅ ያወጣሉ፤ እጠይቃለሁ፤ ይመልሳሉ። የሚከታተለኝ መምህር ግን ከክፍል ስንወጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «መጨረሻው ዴስክ ላይ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ልጅ ስሟ ማነው?» አላውቅም። ከእሷ አጠገብ ያለውስ? አላውቅም። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ያስተማርኩት ፊት ለፊት ያሉትን ዘፋኞች ብቻ ነው። የአጎቴ ጣቶች ሲቆጥሩ ታወሱኝ፤ ፊቴ ጋለ።

በቀሩት ሳምንታት ስም ያዝኩ። በየቀኑ አንድ ረድፍ፣ ከኋላ ጀምሬ። የመስኮቷ ልጅ ድምፅዋ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ለመስማት ሌላው ዝም ማለት ነበረበት። ዝም አሰኘሁና አነበበች። ያለ አንድ ስሕተት አነበበች።

ከካርቶኑ ሸክላዎች እስከ ዛሬ የተመለሰችው ያቺ ስሟ የተፋቀው ብቻ ናት። ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ አሁንም ምናለሽ ተራ እዞራለሁ። አጎቴ «ተወው፣ በቃ» ይሉኛል፤ ስመለስ ግን «ምን አገኘህ?» ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ ውድ መምህራኖቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለእረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፣ ቤታችሁ ውስጥ የቆየ ሸክላ ወይም ካሴት ካለ፣ ላዩ ላይ የተጻፉትን ስሞች በሙሉ በደብተራችሁ ገልብጡ፤ የዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የአቀናባሪውንም፣ የሳክስፎኑንም፣ የድራሙንም። ያልተጻፈ ካለ አባትና እናት፣ አጎትና አክስት ጠይቁ። ስትመለሱ ሰብስበን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ለመለማመጃ ያህል የመጀመሪያዎቹን ሰባት ስሞች ከላይ ጽፌላችኋለሁ።

ያን ማታ ፊቱን ወደ ግድግዳው ላዞረው ጓደኛዬም አንድ ቃል አለኝ። ቅዳሜ ከእራት በኋላ «ሙዚቃዊ ስልት»ን እንደገና እከፍተዋለሁ። አምስት ጊዜ። ዘፋኙ አይመጣም፤ አትጠብቀው።